ጥር 11፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14

ከትናንት ጀምሮ አንድ ቁጥር ይዞኛል፦ 2,147,483,647።

መነሻው ሥራዬ ነው። በአንድ አሮጌ ፕሮግራም የ20 ዓመት ብድር ሳስገባ የመጨረሻው ክፍያ ቀን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሆኖ ወጣ። ተበዳሪው ሳይወለድ ዕዳውን ከፍሎ ጨርሷል ማለት ነው! ፕሮግራሙ ቀንን የሚያሰላው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው፤ ለቆጠራው የተሰጠው ቦታ ግን ከ2,147,483,647 በላይ አይይዝም። አንድ ሰከንድ ሲጨመርበት ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል፤ ቀኑም 136 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሰከንዶቹ የሚያልቁበትን ጊዜ ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ደነገጥኩ፦ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት! ጃን ሜዳ ያደረው ሕዝብ ጸበሉ እስኪረጭ ሲጠብቅ፣ ያልታደሱት ማሽኖች ወደ ምኒልክ ዘመን ይመለሳሉ። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ቢሆንም ለባለቤቴ ደውዬ ነገርኳት። «ታዲያ በከተራ ዕለት አስተካክሉት» አለችኝ።

ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ቁጥር 2ን 31 ጊዜ አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኝ ሲሆን ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ኮምፒውተሩ ለዚህ ደንታ የለውም። ደንታ የነበረው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው። በ1772 እ.ኤ.አ. ከሴንት ፒተርስበርግ ለሥራ ባልደረባው ለዮሐን በርኑሊ ሣልሳዊ ይህንኑ ሲጽፍ የዓይኑ ብርሃን ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል።

አካፋይ ካለው ከ46,340 የማይበልጥ አንድ መኖሩ ግድ ነው። እነዚያን ሁሉ አንድ በአንድ መሞከር ዕድሜ ይፈጃል። ኦይለር ግን አብዛኞቹን ሳይነካ ጣላቸው። አካፋዩ ለ31 ሲካፈል 1፣ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7 መትረፍ አለበት፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ለ248 ተካፍሎ 1 ወይም 63 የሚተርፈው ብቻ ይቀራል። 63ን ራሱን ትቼ ስቆጥር 372 ቁጥሮች ሆኑ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ባርሎው በ1811 እ.ኤ.አ. ከዚህ ብቸኛ ቁጥር ከሚወጣው «ፍጹም ቁጥር» (ከእሱ የሚያንሱት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ ቁጥር) የሚበልጥ፣ ጥቅም ስለሌለው፣ ማንም የሚፈልግ አይመስልም ብሎ ጻፈ። በ2024 እ.ኤ.አ. የተገኘው ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አሃዞች አሉት!

ወረቀት አወጣሁ። ከ372ቱም መሞከር ያለባቸው ብቸኞቹ ብቻ ናቸው፤ ትንሹ አካፋይ ምንጊዜም ብቸኛ ነውና። 249 ለ3 ይካፈላል፤ ይውጣ። 311 ብቸኛ ነው፤ አካፈልኩ፣ 6,905,092 ደርሶ 35 ተረፈ። 497 ለ7፣ 559 ለ13፣ 745 ለ5፤ ሁሉም ይውጡ። 1,241 ትንሽ አታለለኝ፤ 17 ጊዜ 73 ነው። በ1,303 ላይ 262 ተረፈ ብዬ ጻፍኩ፤ ደግሜ ብሠራው 226 ሆነ። እኔ እንኳ ሁለት ዓይን ይዤ፣ አምፖል በርቶልኝ።

አሥሩን ጨርሻለሁ፤ 362 ይቀራሉ። ቀጣዩ 1,489 ነው፤ እሱም ብቸኛ ይመስላል።