አሥር ወንበር በአንድ ልክ

ሰላም ጓዶች። ለትናንሽ የፈርኒቸር ቤቶች የውጭ ገበያ ስልጠና እያዘጋጀሁ እንደሆነ ነግሬያችሁ ነበር። ሁለት ዙር አልቋል፣ ሦስተኛው ላይ ነን። እዚህ ድሬ ያየሁትን ላካፍላችሁ፤ ተመሳሳይ ሥራ የጀመራችሁ ትጠቀሙበት ይሆናል።

እኔ ትራንዚተር ቢሮ፣ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም ማለት ነው፣ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር የሞላሁት በማውቀው ነው። ኢንቮይስ (የዕቃው የዋጋ ሰነድ)፣ ፓኪንግ ሊስት (የእሽጉ ዝርዝር)፣ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት፣ የቤት ዕቃ በጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፉ ምዕራፍ 94 ውስጥ እንደሚገኝ፣ ይሄን ሁሉ። ሰዎቹ በትዕግሥት አዳመጡኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አናጺ እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ ወረቀቱስ ገባኝ። ግን ሰውየው መቶ ወንበር አምጣ ቢለኝ፣ መቶውም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣልኛል ወይ?» አሉ። የምመልሰው አልነበረኝም።

በማግሥቱ አዳራሹን ትተን ሳቢያን አካባቢ አንድ ወርክሾፕ ገባን። ባለቤቱ ለምግብ ቤት የሠራቸው 6 ወንበሮች ነበሩ። አሰልፈን በሜትር ለካናቸው። መቀመጫቸው ከመሬት ከ44 እስከ 45 ሳንቲም ተኩል ድረስ ይለያያል። እዚሁ ለሚሸጥ ወንበር ግድ የለም፣ ሄዶ እግሩን ያስተካክለዋል። ተፈታትቶ በካርቶን ለሚሄድ ግን የአንዱ እግር ለሌላው ካልገጠመ አለቀ። ምክንያቱን ፈልገን ያገኘነው ባለቤቱ ራሱ ሲቆርጥ ቆመን እያየን ነው፤ አንደኛውን እግር ይቆርጣል፣ ሁለተኛውን በአንደኛው ይለካል፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ የእርሳሱ ውፍረት እየተደመረ ይሄዳል። ከኮምፖርሳቶ አንድ ፎርማ ቆርጠን ሁሉንም በእሱ ብቻ መለካት ጀመርን። አሥር ወንበር ሲያልቅ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር አልዘለለም። ጋሼ እግሮቹን አቀያይረው ሲገጥሙ የነበራቸውን ፊት ብታዩ!

ቀጥሎ የእንጨቱ እርጥበት መጣ። ጣውላው ከደጋ ነው የሚመጣልን፣ ብዙ ጊዜም ሳይደርቅ ይሸጣል። መለኪያ መሣሪያ ስለሌለን በሚዛንና በቤት ኦቨን ሠራነው። ትንሽ ቁራጭ መዘንን፣ 236 ግራም። መቶ ዲግሪ አካባቢ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አደረቅነው፣ 200 ግራም ሆነ። የጠፋው 36 ለ200 ሲካፈል 18 በመቶ ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚፈለገው ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው። የድሬ ሙቀት እንጨት ለማድረቅ ጸጋ ነው አቦ፣ ግን ፀሐይ ላይ ከተጣለ ጫፉ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጫፉን ቀለም ቀብተን፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባን፣ ጥላ ሥር ደረደርነው።

ከሁሉ የወደድኩት የኮንቴነሩን ቀን ነው። ግቢው ላይ በኖራ የ20 ጫማ ኮንቴነር ወለል ሣልን፤ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ90፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ35። ከፍታው 2 ሜትር ከ39 ነው። የተገጣጠመ ወንበር ወለሉ ላይ 55 ብቻ ይይዛል፣ ሁለት ደርብ 110። ያንኑ ወንበር ፈታትተን 92 በ50 በ15 ሳንቲም ካርቶን ውስጥ ስንከተው 360 ገባ። የማጓጓዣው ዋጋ ለአንድ ወንበር ስንት እንደሚወርድ እዚያው ቆመው በስልካቸው ደመሩት። እኔ በስላይድ ሦስት ቀን ባስረዳ እንደዚህ አይገባቸውም ነበር።

ካርቶን የመረጥነው በሌላ ምክንያትም ነው። በጥሬ እንጨት ካሸግን አይኤስፒኤም 15 የሚባለው፣ ተባይ በእንጨት ማሸጊያ ከአገር አገር እንዳይዛመት የወጣ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። ከሚፈቀዱት መንገዶች አንዱ እንጨቱ እምብርቱ ድረስ 56 ዲግሪ ሆኖ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ማድረግ ነው፤ ከዚያ ማኅተም ይመታበታል። ኮምፖርሳቶና ካርቶን ግን ይሄ አይመለከታቸውም።

ዋጋ ላይ አሁንም እየታገልን ነው። አብዛኞቹ የራሳቸውን ጉልበት አይቆጥሩም። ሻጩ ዕቃውን የት እንደሚያስረክብ የሚገልጹትን ኤክስወርክስ፣ ኤፍሲኤ፣ ኤፍኦቢ የሚሉ ቃላት ትቼ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፤ «ዕቃው ከእጅህ የሚወጣው የት ነው? ወርክሾፕህ በር ላይ ነው? ጅቡቲ ነው? መርከብ ላይ ነው?» መልሱን ካገኙ በኋላ ቃሉን እነግራቸዋለሁ። ጅቡቲ ለእኛ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ዘመድ ያለበት አገር ናት፤ ጥያቄው ቶሎ ነው የሚገባቸው። የሶማሌላንዷን ሐርጌሳን ያነሱም አሉ፣ እኔ ግን በገበያ ዝርዝሬ ውስጥ እንኳን አላስገባኋትም ነበር። አሁን አስገብቻታለሁ።

ባለፈው ሐሙስ የመጨረሻውን ፈተና ሞከርን። ካርቶኑን ከነመግጠሚያ ሥዕሉ ቡና ለምታፈላልን እህት ሰጠናት። አናጺዎቹ አፋቸውን ይዘው ዙሪያዋን ቆሙ፣ እንዳይረዷት ተማምለናል። በ40 ደቂቃ ገጠመችው፤ ግን የኋላ እግሮቹን ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ አድርጋ ነው የገጠመችው። እሷ አልተሳሳተችም፤ ሥዕላችን ሁለቱን እግሮች አንድ አድርጎ ያሳያል። አሁን በግራው እግር የውስጥ ጎን አንድ ነጥብ፣ በቀኙ ሁለት ነጥብ እየቆፈርን ነው። ሰኞ ደግሞ ወንበሩን አይታ ለማታውቅ ለጎረቤቷ እንሰጣለን።