ስፒከሩ ደህና ነበር፤ ያታለለኝ ሶኬቱ ነው

ለጠረጴዛዬ የሚሆን ስፒከር መምረጡ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ የመጣውን “እምምም” የሚል ድምፅ ለማጥፋት ግን ሁለት ወር ሄደብኝ። በመሃል ደህናውን ስፒከር ብልሹ ነው ብዬ መለስኩ፣ የማያስፈልገኝን ዕቃ ገዛሁ፣ ጭራሽ የገዛ ቤቴን ሶኬት አደገኛ አስደረግሁ። ላፕቶፓችሁ ከዱባይ የመጣ ከሆነ ስለ ሶኬቱ የጻፍኩትን ሳታነቡ ገንዘብ አታውጡ። የምርጫውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት እርሱት። “ፒኤምፒኦ 3000 ዋት” የሚባለው ማንም እንዳሻው የሚጽፈው ቁጥር ነው። የሚጠቅመው አርኤምኤስ የሚለው ነው፣ ማለትም ስፒከሩ ያለማቋረጥ የሚያወጣው ኃይል። እሱ ካልተጻፈ የስፒከሩን አዳፕተር ገልብጡና አንብቡት፤ 12 ቮልት፣ 1.5 አምፒር ካለ ሁለቱን አባዙ፣ 18 ዋት ነው። ከግድግዳ 18 ዋት የሚወስድ ዕቃ 3000 ዋት ከየት ያመጣል? ከላፕቶፕ ዩኤስቢ የሚሠራ ከሆነማ ተራው ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 5 ቮልት በግማሽ አምፒር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው። ደግሞ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ለሚቀመጥ ሰው በየጎኑ 10 እውነተኛ ዋት ይተርፋል። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ “እጥፍ ሆነ” እንዲል ዋቱ አሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት።

ከዋቱ ይልቅ የዉፈሩን (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ትልቁን ክብ) ስፋት ለኩ። ባለ 2 ኢንቹ ለስብሰባና ለዜና ይበቃል፤ እንደ ክሪኤቲቭ ፔብል ያለው በዋጋው አያሳፍርም፣ ከበሮውን ግን ከጠረጴዛ እንደ መታችሁት ቁጠሩት። ባለ 4 ኢንቹ፣ ለምሳሌ ኤዲፋየር አር1280ቲ (በአርኤምኤስ 42 ዋት)፣ ወደ ወፍራሙ ድምፅ በደንብ ስለሚወርድ ቤዝ ክራሩም ከበሮውም በየቦታቸው ይሰማሉ። ሻጩ ሁሉ የሚገፋችሁ ግን ወደ ሁለት ትንንሽና አንድ ትልቅ ሳጥን፣ ወደ 2.1 ነው። እኔ ለጠረጴዛ አልመክረውም። ትንንሾቹ በጣም ስለሚያንሱ የወንድ ድምፅ ታችኛው ክፍል ከእነሱም ከሳጥኑም መሃል ይጠፋል፤ ሳጥኑ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእናንተ ይልቅ ለታች ጎረቤት ነው የሚያጫውተው።

ብሉቱዝ ተጨማሪ ሆኖ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ብቸኛ መግቢያ ሲሆን ግን አትግዙ። በተራው ኮዴክ (ድምፁን ለመላክ የሚጨምቀው ዘዴ) ድምፁ ከ100 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ድረስ ይዘገያል። ፊልም ማጫወቻው ምስሉን አዘግይቶ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ግን ያብዳል። የ3.5 ሚሊሜትር ጃክ ወይም ቀይና ነጭ አርሲኤ ይኑረው።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ ያዙ፤ ሻጩ በስልኩ የሚከፍትላችሁን ዘፈን አትስሙ፣ ስፒከሩ የሚያምርበትን መርጦ ነው። እኔ ሦስት ፋይል ይዤ ነበር፦ የሬዲዮ ዜና አንባቢ፣ ክራር ብቻውን፣ ከበሮ ያለበት መዝሙር። አንባቢው በአፍንጫው የሚያወራ ከመሰለ ተዉት። የክራሩ ጅማት ሲነካ ጥፍሩ ካልተሰማ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክብ) የለም ወይም ለይስሙላ ነው፤ ወንፊት ብቻ ተለጥፎበት ውስጡ ባዶ የሆነ “ትዊተር” በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ድምፁን እስከ ሩብ ዝቅ አድርጉትና ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ። በርካሾቹ ላይ ቁልፉ ዝቅ ሲል አንዱ ጎን ቀድሞ ይሞታል።

ከአሜሪካ ሰው የሚያመጣላችሁ ከሆነ ጀርባው ላይ “100–240 ቮልት” የሚል ይፈለግ። “120 ቮልት” ብቻ ካለ በእኛ 220 በመጀመሪያው ሰከንድ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ንዴቴ።

ስፒከሩን ቤት ወስጄ በጃክ አገናኘሁት። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ጸጥ። ቻርጀሩን ስሰካ “እምምም”፣ በላዩ ላይ ደግሞ ቀጭን “ዝዝዝ”። ሻጩ “ፋብሪካው ነው፣ ቀይርልሃለሁ” አለና ሌላ ሰጠኝ፤ ያው ድምፅ። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ሁለት አዲስ ስፒከር በአንድ ዓይነት መንገድ አይበላሽም። እኔ ግን አልነቃሁም፣ ጨምሬ ሦስተኛ ዓይነት ገዛሁ።

እናንተ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የስፒከሩን ድምፅ ዜሮ አድርጉ፤ እምታው (ያ “እምምም”) ካለ የስፒከሩ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ነው፣ መልሱት። በዜሮ ጸጥ ካለ በቻርጀር ላይ ያልተሰካ ስልክ በዚያው ገመድ አገናኙ፤ ከጠራ ስፒከሩም ገመዱም ደህና ናቸው። ቀጥሎ ላፕቶፑን አገናኙና ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ወዲያው ጸጥ ካለ ጥፋቱ በቻርጀሩና በሶኬቱ መንገድ ላይ ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ፦ ቻርጀሩ ተሰክቶ ሳለ የእጃችሁን ጀርባ በላፕቶፑ ብረት ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንሸራቱ። እንደ ጉንዳን የሚነዝር ነገር ከተሰማችሁ፣ ስትነኩትም የእምታው ድምፅ ከተለወጠ፣ ላፕቶፑ ኧርዝ (የባከነ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ) የለውም ማለት ነው።

ለምን? ቻርጀሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻ ለማፈን የተቀመጡ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። በእነሱ በኩል ከመስመሩ በጣም ትንሽ ከረንት ወደ ላፕቶፑ አካል ይፈስሳል። ይህ ከረንት ኧርዝ አግኝቶ ወደ መሬት መውረድ ነበረበት። ኧርዝ ሲያጣ የላፕቶፑ አካል ወደ መስመሩ ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት ይጠጋል፤ ከረንቱ ትንሽ ስለሆነ አይገድልም፣ ይነዝራል እንጂ። ታዲያ መውጫ ሲፈልግ ያገኘው የስፒከሩን ገመድ ነው። የጃኩን ገመድ ከውጭ የሚሸፍነው ሽቦ የድምፁ መመለሻም ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ያለፈው የመብራቱ 50 ኸርዝ ከእነ ብዜቶቹ (100፣ 150 እያለ) ከዘፈኑ ጋር ተደምሮ ይጮኻል። ስፒከሩ የሰጡትን በታማኝነት አጎላ እንጂ ምንም አላጠፋም። ጥሩ ስፒከር በገዛሁ ቁጥር እምታው ይበልጥ የጠራውም ለዚህ ነበር።

የእኔ ኧርዝ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ነበር። የመጀመሪያው በዓይን የሚታይ ነው። ከዱባይ የሚመጣ ላፕቶፕ ቻርጀሩ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ነው። እሱን እኛ ሶኬት ላይ ለመሰካት በየሱቁ የምንገዛት ነጭ ማገናኛ ከኋላዋ ሁለት ቀጭን ክብ እግር ብቻ አላት። ሦስተኛው እግር የሚገባባት ቀዳዳ አለ፣ ከቀዳዳው ጀርባ ግን ምንም የለም! አሽቀንጥሯት። ከቻርጀሩ ጡብ የሚነቀለውን ገመድ ብቻ ቀይሩ፦ በአንድ ጫፉ ሚኪ ማውስ የሚሉት ባለ ሦስት ቀዳዳ፣ በሌላው ወፍራም ክብ ሁለት እግርና በጎኖቹ የብረት ልሳን ያለው። ዲቫይደሩም በጎኖቹ ብረት ያለው ይሁን፤ ጠፍጣፋዎቹ ባለ ሁለት ቀዳዳ ዲቫይደሮች ኧርዝ አያሳልፉም።

ገመዱን ቀየርኩ። እምታው አልጠፋም። ሁለተኛው ግድግዳው ውስጥ ነበራ።

ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። “ኧርዝ ለፍሪጅ ነው፣ ለላፕቶፕ ምን ያደርጋል?” አለ፤ ስጨቀጭቀው ሶኬቱን ፈታ፣ ሩብ ሰዓት ሠራ፣ እምታው ጠፋ። ተደስቼ ከፈልኩት። ሳምንት ቆይቼ በራሴ ቴስተር ስለካ ነው የሠራውን ያወቅሁት፦ በቁራጭ ሽቦ ኒውትራሉን (የመብራቱን መመለሻ ሽቦ) ከኧርዙ ልሳን ጋር አጣብቆታል። ይህ ዝም ያሰኛል፣ አይካድም። ግን አንድ ቀን ኒውትራሉ ከላይ ቢበጠስ ወይም ቆጣሪው ላይ የሠራ ሰው ሁለቱን ሽቦ ቢያገላብጥ፣ የላፕቶፑ ብረት ሙሉ 220 ይሸከማል። ያኔ ንዝረት አይባልም። በሰውየው እስካሁን እናደዳለሁ፤ ሳልለካ በከፈልኩት በራሴ ደግሞ ይበልጥ።

እናንተ ስትለኩ እንዲህ ነው። መለኪያውን ኤሲ ላይ አድርጉ። ከፌዝ (ኃይል ከሚያመጣው ሽቦ) ወደ ኒውትራል 220 አካባቢ፣ ከፌዝ ወደ ኧርዙ ልሳንም ያንኑ ያህል መሆን አለበት። ሁለተኛው ዜሮ ወይም 60፣ 90 እያለ የሚዋልል ከሆነ ልሳኑ ከምንም አልተያያዘም። ከዚያ እዚያው መስመር ላይ ካውያ ሰኩና ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ለኩ፤ ትንሽ ቮልት ብቅ ማለት አለበት። ድርቅ ያለ ዜሮ ከሆነ እንደ እኔው ሶኬቱ ውስጥ አጣብቀውላችኋል።

ሁለተኛው ባለሙያ ብሬከሩን አጥፍቶ ሶኬቱን ጎትቶ ሲያወጣው፣ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦው እዚያው ነበር፤ ጫፉ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ ወደ ጥግ ተወትፎ፣ በኖራ ተለስኖ። ሲገነባ የተዘረጋ፣ ሶኬት ሲገጠም ግን “ለምን ልድከም” የተባለ ሽቦ። የኒውትራሉን ቁራጭ አወጣ፣ ሽቦውን ልጦ ልሳኑ ላይ አሰረው፣ የብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጫፍም ወደ መሬት ከሚወርደው ጋር መያያዙን አረጋገጠ። በቃ። ንዝረቱም እምታውም አብረው ሄዱ። ሽቦው ጭራሽ ካልተዘረጋላችሁ ከውኃ ቧንቧ ጋር አታስሩት፤ የዛሬ ቧንቧ ፕላስቲክ ነው፣ የብረት ከሆነ ደግሞ የቤቱን ሰው ሻወር ላይ ነው የምታስይዙት። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ማስቀበርና መስመር ማስዘርጋት ያስፈልጋል።

እሱ እስኪሆን ድረስ በባትሪ ወይም በብሉቱዝ ስሙ፤ ሁለቱም መንገዱን ይቆርጡታል። እኔ በመሃል የገዛሁት “ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር” የሚባለው፣ በድምፅ ገመዱ መሃል የሚገባ ትንሽ ሲሊንደርም እምታውን ቆርጦልኝ ነበር። ውስጡ ያሉት ትራንስፎርመሮች ግን ጥፍር የሚያክሉ ስለሆኑ ከበሮውንም አብረው ቆረጡት፤ ባለ 4 ኢንች ዉፈር ገዝቶ ቤዙን በጃኩ ላይ መጣል ምን ይባላል? የቻርጀሩን የኧርዝ እግር መቁረጥን የሚመክራችሁን ግን ከነምክሩ ሸኙት።

አንድ ሌላ ድምፅ አለ፣ ከዚህ ጋር አታምታቱት። ማውስ ስታንቀሳቅሱ “ጭርር” የሚል ከሆነ ስፒከሩ ኃይሉን ከላፕቶፑ ዩኤስቢ፣ ድምፁን ከላፕቶፑ ጃክ እየወሰደ ነው፤ ሁለቱ መመለሻዎች ክብ ሠርተዋል። መመሪያው ወረቀት “ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩ” ይላል። አትስሙት፣ ዩኤስቢውን ባለ ሁለት እግር የስልክ ቻርጀር ላይ ወይም ፓወር ባንክ ላይ ሰኩት።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ሁለቱ ስፒከሮችና ጭንቅላታችሁ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፣ የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት የእኔ 80 ሴንቲሜትር ነው። ትዊተሩ ጆሮ እንዲያይ ከፍ አድርጉ፤ እኔ ከየስፒከሩ ሥር ሁለት ሁለት ወፍራም መጽሐፍ አድርጌያለሁ። የአየር ቀዳዳው በጀርባ ከሆነ ከግድግዳ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ጥግ ላይ ከገባ ቤዙ እንደ በርሜል ይጮኻል። የላፕቶፑን ድምፅ 90 በመቶ ላይ ተዉትና የምታስተካክሉት በስፒከሩ ቁልፍ ይሁን፤ ተቃራኒውን ካደረጋችሁ የምታጎሉት ሹክሹክታውን ነው።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ከሻማ በፊት የስፒከሩን ማብሪያ አጥፉ። መብራቱ ሲመለስ “ጷ” የሚለው ድምፅ የዉፈሩ ወረቀት ባንድ ጊዜ ሲገፋ ነው፤ ቮልቱም የመጀመሪያውን ደቂቃ ይዋዥቃል። አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ መጀመሪያ ላፕቶፑን፣ መጨረሻ ስፒከሩን።