«ልጆቼ እኮ አልሞቱም»

ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም.። ፍሬም ቤት የሠራ ሰው ያ ሰሞን ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ግድግዳውን ማሳመር የማይፈልግ የለም። ደግነቱ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ነች፤ አንድ ቀን ተመርቆልናል።

በዚያ ጥድፊያ መሃል አንዲት እናት የጫማ ካርቶን አቅፈው ገቡ። ክዳኑን ሲያነሱት ሙሉ ፖስት ካርድ። አደይ አበባ ያለበት፣ የፈረንጅ ገና ዛፍ ያለበት፣ የሰፈር ልጆች በከለር የሣሉት መልአክ ሳይቀር አለ። ብዙዎቹ ሽፋናቸው ላይ ዓመት አልተጻፈባቸውም። «ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገረዎ» ብቻ ነው የሚሉት። ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ስለሚመላለሱ የ2003 ይሁን የ2007 በምን ይለያል?

«ለበዓሉ ሳሎን ውስጥ እንዲታዩልኝ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

አምሽቼ ሠራሁት። ሰባ ሳንቲ ሜትር በመቶ ሳንቲ ሜትር፣ ከኋላ ኮምፔርሳቶ፣ ከፊት ንጹሕ መስታወት። ሃያ አራት ካርድ መርጬ በከለራቸው ደረደርኳቸው። ማዕዘኑ ላይ ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት አልነበረም። ዛሬም ቢሆን ሥራው ቆንጆ ነበር እላለሁ።

በነጋታው መጡ። ግድግዳ ላይ አስደግፌ አቆምኩላቸው። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ አንዱ ካርድ ሰደዱ። ጣታቸው መስታወቱን ነካና ቆመ።

«ይኼ አይከፈትም?»

«አይከፈትም እማማ። አቧራ እንዳይገባበት ነው።»

«ጽሑፉስ?»

«የቱ ጽሑፍ?»

«ውስጡ ያለው ነዋ! ልጄ በእጇ የጻፈችው!»

ላብ አጠመቀኝ። ሃያ አራቱንም ካርድ ለክቻለሁ፤ አንዱንም ገልጬ አላነበብኩም።

ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ልጆቼ እኮ አልሞቱም። ስደት ላይ ናቸው እንጂ» አሉኝ።

የቤታችን እንጀራ ግማሹ የለቅሶ ፎቶ ነው። ያን የሚያህል መስታወት ሳሎን ላይ ሲሰቀል ጎረቤት ምን ብሎ እንደሚጠይቅ እኔ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ። የሱቁ ባለቤት ከውስጥ ብቅ አለና በአገጩ ወደ እኔ እየጠቆመ «ዲዛይኑ የእሱ ነው» አለ። ሥራው ሲመሰገን «የቤታችን ሥራ» ነበር የሚለው።

ያዳነኝ ተላላኪያችን ነው። ጠዋት ሲባጎ አባከንክ ብዬ የጮህኩበት ልጅ። ከተራረፈው ጣውላ ሁለት ዘንግ ቆረጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረጋቸው፣ ሦስት ረድፍ ሲባጎ በመሃላቸው ወጠረ። ከማዶ ሱቅ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ገዝቶ መጣ። አለቀ። እንደ መሰላል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ካርዱ ሲፈለግ ይነቀላል፣ ይነበባል፣ ይመለሳል።

አንድ ዘዴ ግን ነበረችው። በየመቆንጠጫው ግራና ቀኝ ሲባጎውን ቋጠር ያደርገዋል። ለምን ስለው «ሲባጎ ይረግባል ጋሼ፣ ካርዱ ሁሉ ተንሸራቶ መሃል ላይ ይከመራል» አለኝ። (ሚስማሮቹ ግን ጠማማ ነበሩ። እነሱን ያቃናሁት እኔ ነኝ፤ ይመዝገብልኝ።)

እማማ እዚያው ቆመው አንዱን ካርድ ነቅለው አነበቡ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። መልሰው ቆነጠጡትና ልጁን ጉንጩን ሳሙት። እኔን «እግዜር ይስጥህ» አሉኝ፤ እንዴት እንዳሉት ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ወዲህ ማንንም ደንበኛ ሳልጠይቅ ሜትር አላወጣም ብዬ ነበር። እስከ መስቀል ድረስ ጠይቄያለሁ።

ለገና ባለቤቱ ያንኑ ነገር በብዛት አሠርቶ በር ላይ ሰቀለው። «የቤታችን ፈጠራ» ይላል። ለልጁ አምስት ሳንቲም አልደረሰውም። ያሠራው ደግሞ ውጭ ነው፤ ቋጠሮውን የነገራቸው ሰው የለም። አንድ ቀን ሳይቆይ ካርዶቹ ሁሉ ተንሸራተው መሃል ላይ ተደራረቡ፣ እንደ ቅዳሜ ታክሲ ሰልፍ።

እኔና ልጁ ከበሩ ማዶ ሻይ እየጠጣን አየነው። ልጁ ሊነሳ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ሻይህን ጨርስ» አልኩት።