ሞተር ሲነሳ የሚወድቀው ጌጅ

ነዳጅ ሰልፍ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆሜያለሁ። የነዳጅ ጌጁ ቀስት ታች ተጋድሟል። በየአስር ደቂቃው ሞተር አስነስቼ ሁለት ሜትር እጠጋለሁ፣ ቶሎ አጠፋለሁ። መሃል ላይ ቢያልቅብኝ ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ የሚለኝን እያሰብኩ ነው። በመጨረሻ ተራዬ ደረሰ። «ፉል አድርጊው» አልኳት ቀጂዋን። 27 ሊትር ላይ ቀጭ ብሎ ቆመ። ደግማ ሞከረች። ቀጭ። «ወንድሜ፣ ሞልቷል እኮ!»

የኔ መኪና ታንከር 50 ሊትር ነው የሚይዘው። ያን ሁሉ ሰዓት የተሰለፍኩት ግማሽ ገደማ ነዳጅ ይዤ ነበር ማለት ነው።

መኪናዋ የ1998 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። ከኔ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈች ፈጣሪ ይወቀው። ሞተሯ ግን ጠንካራ ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገት ስወጣ ትንሽ ደከም ትላለች እንጂ ሌላ ቅሬታ አልነበረኝም። ለዳገቱም ፊልትሮ ቀይሬ ነበር፤ ምንም አልፈየደም። ይህቺን የዳገት ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሰፈር ያለ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ኮፈኑን እንኳ አላስከፈተኝም። «ሴንሰሩ ነው፣ ቀይረው» አለኝ። ታንከሩ ውስጥ ሆኖ የነዳጁን መጠን ለጌጁ የሚናገረውን ማለቱ ነው። እኔም ሳልለካ፣ ሳልጠይቅ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። አንዱ ሻጭ ከምን መኪና እንደተፈታ የማይታወቅ ሴንሰር አውጥቶ «ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። ይሄ ፍጹም ውሸት ነው። የኔ ኮሮላ ሴንሰር ታንከሩ ሲሞላ 4 ኦም (የኤሌክትሪክ እንቅፋት መለኪያ ነው) ገደማ፣ ባዶ ሲሆን 110 ገደማ ነው የሚሰጠው። የአውሮፓ መኪኖች ላይ የሚገኝ ሌላ ዓይነት አለ፤ ባዶ ሲሆን 10፣ ሲሞላ 180። ያንን ብገጥም ኖሮ ታንከሩ ሲጎድል ቀስቱ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ደግነቱ ሌላ ሱቅ ከተፈታ ተመሳሳይ ኮሮላ የወጣ አገኘሁ። 2,800 ብር።

እሑድ ጠዋት የኋላ ወንበሩን አነሳሁ። ከሥሩ ክብ ክዳን አለ፣ እሱን በካቻቢቴ ፈታሁ። አራቱንም በር ከፍቻለሁ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅያለሁ፣ ስልኬንም ቤት ትቼዋለሁ። የቤንዚን ጭስ ቀልድ አያውቅም። አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ገጠምኩ፣ ባትሪውን መለስኩ፣ ቁልፉን ኦን ላይ አደረግኩ። ቀስቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ባለቤቴን ጠርቼ ሁሉ አሳየኋት።

ከዚያ ሞተሩን አስነሳሁ። ቀስቱ ወደቀ።

በዚያ ላይ ክዳኑን የሚያሽገውን አሮጌ ላስቲክ መልሼ ስለተጠቀምኩ መኪናዋ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ልጄ «አባዬ፣ እኔ በታክሲ ልሂድ» እስክትል ድረስ። አዲስ ላስቲክ ገዝቼ ያንንም እንደገና ፈታሁት።

ከዚያ በኋላ ጌጁን ተውኩት። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር እያልኩ በሂሳብ መንዳት ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ሠራ። በአራተኛው ሳምንት የነዳጅ ማስጠንቀቂያ መብራቱ በራ። «አንተም ዋሸህ?» ብዬ አለፍኩት። በሁለተኛው ቀን ሳሪስ አቦ ጋ፣ ቀለበት መንገድ ላይ፣ ሞተሩ ሁለቴ ተንገጫግጮ ዝም አለ። ሁለት ልጆች ገፍተው ዳር አስያዙኝ። በጀሪካን ነዳጅ የሚሸጥልኝ ማደያ የለም። የሥራ ባልደረባዬ ከሞተር ብስክሌቱ ቀድቶ በሃይላንድ ሁለት ሊትር አመጣልኝ። እስከዛሬ ቢሮ ውስጥ «ሃይላንድ» ብሎ ነው የሚጠራኝ።

መብራቱ አልዋሸም ነበር። የኔ መኪና ላይ መብራቱ ታንከሩ ውስጥ የራሱ ትንሽ ሴንሰር አለው፣ ከቀስቱ ጋር አይገናኝም። ቤንዚን ውስጥ እስከተነከረ ይቀዘቅዛል፤ ነዳጁ ጎድሎ አየር ሲያገኘው ይሞቅና መብራቱን ያበራል። ቀስቱ ባዶ እያለ መብራቱ ካልበራ፣ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ይሄ ፍንጭ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊቴ ላይ ነበር።

ጎረቤታችን የሆኑ ጡረተኛ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወንበሩን አንስቼ፣ ላቤን እያንጠፈጠፍኩ አገኙኝ። ጉዳዩን ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋቸው። እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሞተሩ ሳይነሳ ስንት ያሳያል?»

«ትክክለኛውን፣ ጋሼ።»

«ሲነሳስ?»

«ይወርዳል።»

«ታዲያ አንተ ታንከር ውስጥ ምን ትፈልጋለህ? ሞተር ሲነሳ ታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይቀንሳል እንዴ?» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ።

እዚያው ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ጌጁ የሚሠራው እንዲህ ነው። በሴንሰሩ ክንድ ጫፍ ያለችው ተንሳፋፊ ከነዳጁ ጋር ከፍ ዝቅ ስትል የሴንሰሩ ኦም ይለዋወጣል። ከጌጁ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሴንሰሩ አልፎ በማሳ፣ ማለትም ቦዲ ላይ በሚታሰረው ኔጋቲቭ ሽቦ፣ ወደ ባትሪ ይመለሳል። ብዙ ካለፈ ቀስቱ ይወጣል፣ ትንሽ ካለፈ ይወርዳል። መንገዱ ላይ የትም ቦታ ተጨማሪ እንቅፋት ካለ ጌጁ «ነዳጅ ጎደለ» ብሎ ነው የሚረዳው። ሽቦው ጭራሽ ቢበጠስ ቀስቱ ታች ይቀራል። ከጌጁ የሚመጣው ሽቦ ተልጦ ቦዲ ቢነካ ደግሞ ታንከሩ ባዶ ሆኖ እንኳ «ሙሉ ነኝ» ይላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጌጁን ራሱን ፈተንኩት። የታንከሩን ክዳን ገጥሜ፣ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅዬ፣ የጌጁን ሽቦ በትንሽ የፓርኪንግ አምፖል በኩል ቦዲ ላይ አስነካሁ። አምፖሉ በራ፣ ቀስቱ ግን ንቅንቅ አላለም። «ጌጁ ሞቷል» ብዬ ልነቅል ስል ቀስ ብሎ መውጣት ጀመረ። ለካ እንዲህ ዓይነት ጌጅ ውስጥ ቀስቱ እንዳይንቀጠቀጥ የሲሊኮን ዘይት አለ፤ ጊዜ ይፈልጋል። ጌጁ ደህና ነው። እስከ ኋላ ድረስ ያለው ሽቦም ደህና ነው።

አሮጌውን ሴንሰር ከካርቶን አውጥቼ በቴስተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ለካሁት። ክንዱን በእጄ ከላይ ወደ ታች ሳወርደው ከ4.6 ጀምሮ እስከ 109 ድረስ አንድም ቦታ ሳይዘል ሄደ። እንከን የለውም! 2,800 ብሬ ትዝ አለችኝ።

የቀረው ማሳው ነው። እሱን ከዚያ በፊት በኦም ለክቼው ነበር፤ 0.7 አለኝ። የቴስተሩ ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ሲነካኩ እንኳ 0.3 ስለሚያሳዩ «ይሄማ ምንም አይደል» ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ግን መኪናው እየሠራ በቮልት ለካሁት። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አደረግኩ። ባትሪው ፊት፣ ሴንሰሩ ኋላ ስለሆነ ጥቁሩን ጫፍ ከተቃጠለ የልብስ ካውያ ገመድ በቆረጥኩት ሽቦ ቀጥዬ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር አሰርኩት። ቀዩን ጫፍ ከሶኬቱ ጀርባ በስፌት መርፌ አስገብቼ የሴንሰሩን ማሳ አስነካሁ። ጤነኛ ማሳ ከሆነ ዜሮ አካባቢ ነው የሚነበበው። ቁልፍ ኦን፣ ሞተር ሳይነሳ፣ 0.03 ቮልት። ባለቤቴ ሞተሩን አስነሳች። 1.7 ቮልት።

ምንጣፉን ገልጬ ሽቦውን ተከተልኩት። አንድ ክንድ ሳልሄድ ጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለበት እብጠት አገኘሁ። ስፈታው ፕላስተሩ እጄ ላይ እንደ ማስቲካ ተሳበ። ውስጡ ሁለት ሽቦዎች በጣት ተጠማዘው ታስረዋል፣ መዳባቸው አረንጓዴ ሆኗል። ከኔ በፊት የሆነ ሰው የነዳጅ ፓምፑን ማሳ ቆርጦ ከሴንሰሩ ቀጭን ማሳ ጋር አዳብሎታል። ፓምፑ ቁልፍ ኦን ላይ ብቻ ሲሆን አይሠራም፤ ሞተር ሲነሳ ግን 4 አምፔር ገደማ ይስባል። ያ ሁሉ በዚያች በዛገች ቋጠሮ ሲያልፍ 0.4 ኦም የምትመስለው ትንሽ ነገር 1.7 ቮልት ትበላለች። ሴንሰሩም አብሮ ይታለላል። ፓምፑም ያንን ያህል ቮልት ስለሚያጣ ነዳጁን በደንብ አይገፋም። ዳገት ላይ የምትደክመው ለዚህ ነበር።

ቋጠሮውን ቆርጬ ጣልኩ። በእስታኞ ልበይደው የመበየጃ ካውያውን ስሰካ ጋሼ በረንዳቸው ላይ ሆነው አዩኝ። «አንተ! ቤንዚን ላይ ተቀምጠህ እሳት?» ብለው ጮኹ። ልክ ናቸው። በፒንሳ ተጨምቆ የሚያዝ ማያያዣ ተጠቀምኩ። ለፓምፑ የራሱን ወፍራም ማሳ፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ አወጣሁለት። ቦዲው ላይ ያለውን ቡሎን ፈትቼ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጭ ብረት ድረስ ፋቅኩ፣ አጥብቄ አሰርኩ፣ ከላዩ ግሪስ ቀባሁት። እንደገና ስለካ ሞተር ተነስቶ 0.04 ቮልት። ቀስቱም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ዘንድሮ መኪና የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር አድርጉ። ቁልፉን ኦን አድርጋችሁ ቀስቱ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሱና አንድ ደቂቃ ተመልከቱ። ነፃ ነው። ለኔ ግን 2,800 ብር፣ አንድ ላስቲክና አንድ ቅጽል ስም አስከፍሎኛል።

ትርፉን ሴንሰር ልመልስ ሶማሌ ተራ ሄጄ ነበር። ሻጩ በግማሽ ዋጋ እወስደዋለሁ አለኝ። ተናድጄ መልሼ አመጣሁት፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ባለፈው ሳምንት ቀስቱ ታች ወርዶ መብራቱም በራ። በዚያው ቀን ተሰለፍኩ። 43 ሊትር ገባ። ቀጂዋ ያቺው ልጅ ነበረች፣ እኔን ግን አላስታወሰችኝም። «ምነው እንዲህ እስኪደርቅ ጠበቅክ?» አለችኝ።