ሚራኩሊን የተባለ ሁሉ ሚራኩሊን አይደለም

የመጀመሪያው የዲኤንኤ ናሙናዬ ቡናማ ነበር። ጥርት ያለ ፈሳሽ መሆን ሲገባው እንደ ተልባ ውሃ ተዝለግልጎ ከቱቦው ስር ተኝቷል። በፒፔት (በፈሳሽ መሳቢያ ቱቦ) ስስበው ግማሽ መንገድ ይወጣና ክር ሠርቶ ተመልሶ ይወርዳል። በብርሃን መለኪያው ሳየው የንጽሕና ምልክት የሆነው የ260 ለ230 የብርሃን ሞገዶች ጥምርታ ከ1 በታች ሆነ፤ የፊደሎቹን ቅደም ተከተል ለማንበብ የሚበቃ ንጹሕ ዲኤንኤ ግን 2 አካባቢ ማሳየት አለበት። ሦስት ሳምንት የደከምኩበት ሥራ ነበርና በጣም አዘንኩ።

ቅጠሉ የተአምረኛው ፍሬ ተክል ቅጠል ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሲንሴፓለም ዱልሲፊከም፣ አገሩ ምዕራብ አፍሪካ። ፍሬው ደርሶ ከቀላ የቡና ፍሬ ትንሽ ይተልቃል፤ ቀይ ነው፣ ውስጡም አንድ ትልቅ ዘር ይዟል። ለብቻው ሲበላ ጣዕሙ እዚህ ግባ አይባልም። ሥጋውን ምላስ ላይ ጥቂት አገላብጠው ከዚያ ሎሚ ቢመጥጡ ግን ሎሚው ይጣፍጣል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ድረስም እንዲሁ ይቆያል። የሎሚው አሲድ እንዳለ ነው። ሥራውን የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1968 ተነጥሎ የወጣው ሚራኩሊን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ 191 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ስኳር የተቀጠለበት። ምላስ ላይ ያለውን የጣፋጭ ጣዕም ተቀባይ ይይዝና ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አሲድ ሲመጣ ተቀባዩን ይቀሰቅሰዋል። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የዚህ ተክል ጂኖም፣ ማለትም ዲኤንኤው በሙሉ፣ በክሮሞዞም ደረጃ ተገጣጥሞ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ 13 ጥንድ ክሮሞዞሞች፣ 550 ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት። የእኔ ሥራ የዚሁ ተክል የሆነ የሌላ ዛፍ ጂኖም አንብቤ ከዚያ ጋር ማስተያየትና የሚራኩሊን ጂን ከእነማን ጋር እንደሚዛመድ ማወቅ ነበር።

ጥፋቱ የጀመረው ከቅጠሉ ነው። ብዙ ዲኤንኤ ይሰጠኛል ብዬ የደረሰ፣ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ቅጠል መረጥኩ። የሰጠኝ ግን ፖሊፊኖል የሚባሉ የዕፅዋት ኬሚካሎችና ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነበር። ፖሊፊኖሉ አየር ሲያገኝ ይጠቁርና ዲኤንኤው ላይ ይጣበቃል፤ ዝልግልጉ ደግሞ ከስኳሩ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ተክሉን ሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ አቆየሁት፤ ቅጠሉ ያጠራቀመውን ስታርች እንዲጨርስ ነው። ከዚያ ገና የተዘረጉትን ለስላሳ ቅጠሎች ቀጥፌ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ጨመርኩ። በሙቀጫ ሲወቀጥ ዱቄቱ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ለቅጽበት እንኳ ከቀለጠ መጥቆሩ እዚያው ይጀምራል። ስለዚህ ሙቀጫውንም ማንኪያውንም አስቀድሜ አቀዘቀዝኩ። በማሟሟያው ላይ ፖሊፊኖሉን የሚይዝ ፒቪፒ፣ መጥቆሩን የሚከላከል ሽታው የማይቻል መርካፕቶኤታኖል ጨመርኩ። ጨዉንም ከፍ አደረግኩ፤ ዲኤንኤው ሲወርድ ስኳሩ ሟሙቶ እንዲቀር የሚያደርገው ጨው ነው። በክሎሮፎርም ሁለት ጊዜ አጥቤ ቀዝቃዛ አልኮል ሳፈስበት፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ የሆነ ክር ከፈሳሹ መሐል ተነሣ። ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንሥቼ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ሌላው ትምህርት ከዚህ ያነሰ አይደለም፦ ቱቦውን በኃይል አትነቅንቁ። ረጅሙ ክር ይበጣጠሳል። የፒፔቱንም ጫፍ በመቀስ ቆርጦ ማስፋት ይረዳል።

ገንዘብ ለመቆጠብ በመጀመሪያ ያስነበብኩት በአጫጭር ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። በኮምፒውተር ሲገጣጠም ጥሩ ይመስል ነበር። ሆኖም ከሚራኩሊን ዘመዶች አንዱ በተቀመጠበት ቦታ ላይ የንባቦቹ ብዛት ከአካባቢው እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። ይህ መቼም ያለ ምክንያት አይሆንም። የዚህ ቤተሰብ ጂኖች አንዱ ከሌላው እየተቀዳ ጎን ለጎን መደርደር ይወዳሉ፤ አጭር ንባብ ሁለቱን መንትዮች መለየት ሲያቅተው አንድ ላይ ደርቦ ያስቀምጣቸዋል። ረጅም ንባብ ጨምሬ እንደገና ስገጣጥም ሁለቱ ተለያዩ። ያን የእጥፍ ምልክት ባላየው ኖሮ አንድ ጂን ጠፍቶብኝ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ስህተት ግን የስም ነው። ጂኖቹን በየስማቸው የሚሰይመው ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ «ሚራኩሊን» የሚል መለያ ያላቸው ብዙ ጂኖች ዘረዘረልኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ በቡድናችን ስብሰባ ላይ «ይህ ዛፍ የሚራኩሊን ቅጂዎች በብዛት አሉት» ብዬ ተናገርኩ። ፕሮግራሙ የሚያወዳድረው ግን የፊደል መመሳሰልን ነው። ሚራኩሊን የኩኒትዝ ትሪፕሲን ገቺዎች የሚባሉት (ትሪፕሲን የተባለውን ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም የሚገቱ) ፕሮቲኖች ዘመድ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በአኩሪ አተርና በሌሎች በርካታ ዕፅዋት ዘንድ ይገኛሉ። ሚራኩሊን መሰል የሚባሉ ጂኖች በቲማቲም፣ በሎሚ ዘመዶችና በቡናም አሉ፤ ሎሚን የሚያጣፍጥ ቲማቲም ግን በተፈጥሮ የለም። ሰዎች ሚራኩሊን የሚሰጥ ቲማቲም ያገኙት ጂኑን ከዚህ ዛፍ ወስደው ካስገቡበት በኋላ ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩን አንድ በአንድ በእጄ ፈተሽኩ። ርዝመቱ ይገጥማል? ለአሲድ ምላሽ የሚሰጡት ሂስቲዲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች በቦታቸው አሉ? ሁለት ሞለኪውሎችን የሚያስተሳስረው በ138ኛው ቦታ ያለው ሲስቴይን የተባለ አሚኖ አሲድስ አለ? ከዚያም ከአረንጓዴ፣ ከብርቱካናማና ከቀይ ፍሬ አርኤንኤ (በሥራ ላይ ያለ ጂን የሚያወጣው ቅጂ) አውጥቼ የትኛው ጂን መቼ እንደሚሠራ አየሁ። እውነተኛው የሚራኩሊን ጂን ፍሬው ሲቀላ በሥጋው ውስጥ ይጎላል። ዘመዶቹ አብዛኞቹ ፈተናውን አላለፉም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ቀደም ሲል የተናገርኩትን በይፋ አረምኩ፤ ከባድ ነበር፤ ግን መደረግ ነበረበት።

ስም ላይ ይህን ያህል ከተቀጣሁ በኋላ መረጃውን ለሕዝብ ማከማቻ ላስገባ የናሙናውን ቅጽ ከፈትኩ። የዝርያ ስም፣ የቅጠሉ ዕድሜ፣ የንባቡ ዓይነት ሁሉ ተሞልቷል። «የተገኘበት ቦታ» እና «የአካባቢ ስም» የሚሉት ሁለት ሣጥኖች ግን ባዶ ነበሩ፤ ትቼያቸው የነበርኩት እኔው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1852 ዊልያም ዳንኤል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለዚህ ፍሬ ሲጽፍ፣ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ጎምዛዛ ምግባቸውንና የዘንባባ ወይናቸውን ለማጣፈጥ ቀድሞውንም ይጠቀሙበት ነበር። እኛ ያነበብነው ዛፍ ዘሩ የመጣው በስምምነት ከደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ ነው፤ ይህ ዘር ከደረቀ አይበቅልምና እርጥበቱን ሳያጣ ከእጅ ወደ እጅ ፈጥኖ ያለፈ ነው። በመጀመሪያው ሣጥን አገሩን ሞላሁ። በሁለተኛው ዮሩባዎች የሚጠሩበትን ስም ጻፍኩ፦ አግባዩን።