በቡና ሚዛን የተመዘነ ጎማ

ጅማ፣ ሐምሌ 12

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጎማ በቡና ሚዛን መዘንኩ። የመጋዘኑ ዘበኛ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ ቁጥሩን ለማንበብ ሳጎነብስ ግን ጎማውንና እኔን ተራ በተራ ሲያየን ታዝቤዋለሁ። የመኪናዬ የራሷ ጎማ ከነቸርኬው፣ ማለትም ላስቲኩ ከሚገጠምበት ብረት ጋር፣ 17 ኪሎ ተኩል መዘነ። ለሽያጭ የቀረበልኝ ባለ 18 ኢንች ቸርኬው ግን 22 ኪሎ። በአንዱ አራት ኪሎ ተኩል፣ በአራቱ 18 ኪሎ ጭማሪ ማለት ነው። 18 ኪሎ ቡና ከኋላ ብጭንባት መኪናዋ ልብም አትለው። ይህ ግን ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚሄድ ጭነት አይደለም። ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ሞተሩ የሚያሽከረክረው፣ በያዝኩ ቁጥር ፍሬኑ የሚያቆመው፣ ጉድጓድ በመታን ቁጥር ከሞላው በታች የሚዘል ክብደት ነው።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራች፣ ከአሜሪካ የመጣች ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ናት፤ ባለ ሁለት ሊትር ቱርቦ ሞተር፣ 227 የፈረስ ጉልበት፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት። የፍጥነት መለኪያዋ በማይል ስለሆነ ስነዳ ሁልጊዜ የሒሳብ ተማሪ ነኝ። በደጋው አየር ሌላው መኪና ሲያለከልክ እሷ ብዙም አትደክም፤ ስሱን አየር ቱርቦው ጨምቆ ያጎርሳታል። ይህች መኪና በ16 ኢንች ቸርኬ ላይ ስትቆም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሙሉ ሱፍ ለብሶ በረባሶ የተጫማ ሰው ትመስለኛለች። ምኞቴ ከዚህ ነው የሚነሣው፤ ሌላው ሁሉ በኋላ የተገኘ ምክንያት ነው።

ምክንያቱ ግን እውነተኛ ነው። በግንቦት ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ የግቤን ሸለቆ ወጥቼ፣ ሶኮሩን አልፌ አሰንዳቦ ልደርስ ስል፣ ውኃ የሞላ ጉድጓድ የፊት ቀኙን ጎማ ዋጠው። ድምፁ እስከ ጥርሴ ተሰማኝ። ጅማ ስደርስ የጎማው ጎን የእንቁላል ያህል አብጦ ነበር፤ ውስጡ ያለው ክር ሲበጠስ አየሩ ላስቲኩን እየገፋ የሚያወጣው እብጠት ነው፣ አይጠገንም። ቸርኬው ግን ምንም አልሆነም። በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መካከል 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የጎማ ጎን ስለነበረ ምቱን ላስቲኩ በላልኝ።

አንዱን ብቻ ቀይሬ ልገላገል አስቤ ነበር። ዘወትር የምሄድባቸው አረጋዊ ጎሚስታ አስቆሙኝ።

«ይቺ በአራት እግሯ የምትሄድ ናት አይደል? ሦስት አሮጌና አንድ አዲስ አታጫማት።»

ትክክል ነበሩ። አዲሱ ጎማ ላይ ያለው ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር፣ የእኔዎቹ 3 ቢሆን፣ በዲያሜትር የ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይመጣል። ትልቁ ጎማ ዝግ ብሎ፣ ትንንሾቹ ፈጥነው ሲዞሩ፣ የፊቱንና የኋላውን የሚያስታርቀው የመካከለኛው ዲፈረንሻል ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ እረፍት ያጣል፤ ይሞቃል፤ ውሎ አድሮ ይሞታል። ስለዚህ አራት ጎማ መግዛት ግድ ሆነ። አራት ጎማ ከገዛሁ ደግሞ ቸርኬውስ ለምን ይቅር? ሰው ራሱን የሚያታልለው እንዲህ ደረጃ በደረጃ ነው።

ሐምሌ 15

ባለ 18 ኢንቹን የሚሸጠው ወጣት አንዱን ለሙከራ ሰጥቶኛል። መልኩን አልክድም፣ ያምራል። የቡሎን ቀዳዳው አምስት፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትር 100 ሚሊ ሜትር፤ ልክ የሱባሩዬ። «ይገባል ማለት ነው» አለኝ ሻጩ። መግባት ግን የነገሩ መጀመሪያ ነው።

በጎኑ የተጻፈው 215/35 አር 18 ነው። ቁጥሩ ለሚያነበው ሁሉን ይናገራል፦ ስፋቱ 215 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 35 በመቶ፣ ቸርኬው 18 ኢንች። ስደምረው ጠቅላላ ዲያሜትሩ 608 ሚሊ ሜትር ያህል መጣ። የፋብሪካው 205/55 አር 16 ግን 632 ነው። ሰው ሁሉ «ትልቅ ጎማ አስገባ» የሚለኝ ይህ ጎማ ከነባሩ ያንሳል! ትልቁ ብረቱ ነው፤ ላስቲኩ ሟሽሿል። መኪናዋ በ12 ሚሊ ሜትር ወደ መሬት ትቀርባለች፣ መለኪያው መቶ ሲል እውነተኛው ፍጥነት 96 ይሆናል። ጎኑ ደግሞ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። አሰንዳቦ ያገኘኝን ጉድጓድ በዚህ ብመታው ኖሮ ቸርኬውን ከውኃው ውስጥ ስለቅም አመሽ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን ቁጥር ሻጩም አላያትም ነበር፦ 84። አንድ ጎማ የሚሸከመው 500 ኪሎ ነው ማለት ነው። የነባሩ 91 ነው፤ 615 ኪሎ። ወደ አጋሮ ስሄድ ሦስት ሰውና ሁለት ጆንያ የምጭን ሰው ይህን ማለፍ አልችልም። (አጋሮ ያለው በጥንቱ የጎማ መንግሥት ምድር ላይ ነው። ለጎማ ጎማ መምረጥ የሚለውን ቀልድ ባለቤቴ ከሦስተኛው ጊዜ በኋላ ከልክላኛለች።)

ጎሚስታው በክሪክ አንሥተው የሙከራውን ቸርኬ ከፊት ገጠሙት። ቸርኬው ስምንት ኢንች ስፋት፣ ኦፍሴቱ 35 ሚሊ ሜትር ነው። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገናኝበት ፊት ከስፋቱ አጋማሽ የሚርቅበት ልክ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ይህኛው ከነባሩ ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ወጣ። መሪውን እስከ ጥግ አዞርኩት።

«ጣትህን አስገባ» አሉኝ።

በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ጣቴ አልገባም። ያውም መኪናዋ በክሪክ ላይ ተንጠልጥላ፣ ሞላው ሳይታመቅ። ጋሼ ጎማውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ኩሽኔታውም ይረግምሃል» አሉ፤ ወደ ውጭ የወጣ ጎማ የሚዞርበትን ኩሽኔታ እንደ ረጅም ዘንግ ስለሚጫነው። የመሃል ቀዳዳውም 73.1 ሚሊ ሜትር፣ የመኪናዬ ግን 56.1 ነው። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልተደረገ ቸርኬውን መሃል ላይ የሚይዘው ዳዶ ብቻ ይሆናል፤ ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል።

አመስግኜ መለስኩለት። ወጣቱ ተቀየመኝ መሰለኝ።

ነሐሴ 2

17 ኢንች ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ስፋቱ ሰባት ተኩል፣ ኦፍሴቱ 48፣ ጎማው 225/45 አር 17። ዲያሜትሩ 634፤ ከነባሩ የሚበልጠው በሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ መለኪያውም አይዋሽም። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር፣ የመሸከም ቁጥሩ 94፣ ማለትም 670 ኪሎ። በ16 ብቀር ይሻል ነበር? ለኪሴ አዎን። 205/55 አር 16 በየትኛውም ከተማ ይገኛል፤ ይህኛው ሶኮሩ ላይ ቢፈነዳብኝ 17 ኢንች የሚሸጥልኝ አላገኝም። ስለዚህ ከአራቱ አሮጌ ቸርኬዎች አንዱ በስኮርታነት ቀርቷል፤ በእርሱ ላይ የሚገጠመው ጎማ በዲያሜትር እንዲቀራረብ አዲስ ገዛሁለት።

ጎማዎቹ ሲመጡ መጀመሪያ ያየሁት የተሠሩበትን ቀን የሚናገሩትን አራት አኃዞች ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያመለክታሉ። ሦስቱ አንድ ዓመት ናቸው፤ አራተኛው በሦስት ዓመት ይበልጣቸዋል። መለስኩትና ሌላ እስኪመጣ አሥር ቀን ጠበቅሁ።

ዳዶውም ፈተና ነበር። በየሱቁ የሚሰጡህ የቶዮታው ነው፤ ውፍረቱ አንድ ዓይነት 12 ሚሊ ሜትር፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት ግን የቶዮታው 1.5፣ የሱባሩ 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ዙር በእጅ ይገባል፤ ከዚያ በቁልፍ ካስገደድከው ቡሎኑን ይበላዋል። የራሷን አሮጌ ዳዶዎች በብሩሽና በናፍጣ አጥቤ መለስኳቸው።

ነሐሴ 4

ጠዋት ወደ ጅሬን ዳገት ወጣሁ። መሪው ላይ ያለው ለውጥ ካሰብኩት በላይ ነው፤ እጄን ሳነቃንቅ አፍንጫዋ ወዲያው ይከተላል፣ ቀድሞ በጎማው መተጣጠፍ የሚጠፋው ቅጽበት የለም። ስወርድ ዝናብ ያዘኝ። ሰፊ ጎማ በቆመ ውኃ ላይ ቶሎ መንሳፈፍ እንደሚፈልግ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መሪው በእጅ ላይ ለቅጽበት ሲቀል መሰማት ሌላ። ቀስ አልኩ።

ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ የኪስ መስተዋቷን ዘጋችና «ለዚህ ነው የከፈልከው?» አለችኝ። መልስ አልሰጠሁም።

ነሐሴ 9

መቶ ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ ዳዶዎቹን ለማጥበቅ ተመለስኩ። ጋሼ በማዶ በማዶ እየያዙ ሃያዎቹንም ፈተሹ። አሥራ ዘጠኙ ንቅንቅ አላሉም። የኋላ ግራው ላይ አንዱ ሩብ ዙር ሄደ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አልተናገሩም።

ከዚያ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ሦስት ወንበር ባዶ ነበር፤ ወደ መንገድ የሚያየውን መረጥኩ።