ፎርዝ ኦፍ ጁላይ በብርጭቆ ወረቀት

ዛሬ የአሜሪካ የነፃነት በዓል ነው ብዬ እስከ ረፋድ ልተኛ አስቤ ነበር ግን የሥራ ባልደረባዬ እዚህ ሚኒሶታ፣ ሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ የሸራ ጀልባ ክለብ አባል ነውና "ና ባርቤኪው አለ" ብሎ ይዞኝ ሄደ። ገና ከመድረሴ ብርጭቆ ወረቀት አስጨበጡኝ 😂 ለካ ጠዋት ክለቡን ጠግነው ነው የሚበሉት! ሽማግሌ ወጣት ሳይል ሁሉም ተንበርክኮ የዶኩን (ጀልባ የሚታሰርበትን የእንጨት መድረክ) ጣውላ ይፍቃል። እኔ ከፍቂያው ወደ ምስማር ተዛወርኩ፣ ብቅ ያለውን እየነቀልኩ በብሎን መተካት፣ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ እንዳይወጋ።

የዶኩ እግር ላይ ጥፍር የምታክል ዥንጉርጉር ዛጎል ተለጥፋ አየሁ፣ ዜብራ መስል ይሏታል፣ በፈረንጅ 2010 ነው እዚህ ሐይቅ የተገኘችው። እሷ ተለጥፋ እንዳትዛመት፣ ዶክ ነቅለህ ሌላ ሐይቅ ልትተክል ካልክ መጀመሪያ 21 ቀን መድረቅ አለበት፣ ሕግ ነው።

ማድረቅ ሲሉ የጣና ታንኳ ትዝ አለኝ (የባህር ዳር ልጅ ነኝ እኮ)። የሚሠራበት ደንገል ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ አጎቴ ሁሌ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመው ነበር። ምስማር የሚባል ነገር የለውም፣ በገመድ ነው የሚታሰረው ስላቸው አላመኑኝም፣ ፎቶ ፈልጌ አሳየኋቸው።

ከሰዓት ባንዲራ በባንዲራ ሆነን ወጣን፣ ነፋሱ ጭጭ አለ፣ ሸራው እንደተሰጣ ነጠላ ተንጠልጥሎ ቀረና በሞተር ጀልባ ተጎትተን ተመለስን። ሆትዶጉ አልጫ ነበር፣ ደግነቱ ሚጥሚጣ ከቦርሳዬ አይጠፋም፣ አንዱ ሽማግሌ ቀምሶ እያነባ ድገመኝ ብሎ ሳህኑን ዘረጋ 😂